የጎረቤት ድምፅ

«ይሄኛው ፕሮግራም ለላፕቶፕህ አይሆንም፤ ትንፋሽ ያሳጥረዋል» አለ ኮምፒውተር ጠጋኙ። እውነቱን ነው። የሙዚቃ ማቀናበሪያው ገና ከመከፈቱ አሮጌው ላፕቶፕ ዳገት እንደወጣ ሰው ማለክለክ ጀምሯል።

«ሌላ አሳየው እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል?» አለች የወጣቱ እናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳያገላብጡ መግዛት አይሆንላትም። ልጇ «ብቻዬን እሄዳለሁ» ቢላት፣ «አንተ እንደሆንክ እምቢ ማለት አታውቅበት፣ ያገኙትን ያሸክሙሃል» ብላ ተከትላው መጣች።

«በነፃ የሚሆን የለም?» አለ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አለ። አንድ ወር በነፃ ትሠራበታለህ፤ ከዚያ የሠራኸውን ሁሉ ቆልፎብህ ቁጭ ይላል።»

«እሱማ ወጥመድ ነው እንጂ ምኑ ነፃ ሆነ!» አለች እናቱ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ስልካቸው እስኪጠገን የሚጠብቁት ሁለት ጎረምሶች ሳቁ። የወጣቱ ጆሮ ጋለ። አንደኛውን ያውቀዋል፤ አብረው ተምረዋል። እናቱ ከደንበኞቿ በተረፈ ጨርቅ የሰፋችለትን፣ እጅጌው ሌላ ደረቱ ሌላ የሆነውን ሸሚዝ ለብሶ ክፍል በገባ ቀን «ቁራጭ» ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

«በል ይሄን እየው» አለ ጠጋኙ ሌላ እየከፈተ። «ዋጋውም አይጎዳ፣ ለጀማሪም ከበቂ በላይ ነው። ድምፅህን ትቀዳለህ፣ ያልወደድከውን ትቆርጣለህ፣ የወደድከውን ትቀጥላለህ።»

«የኛው ሥራ ነዋ!» አለች እናቱ ደስ ብሏት።

«የቀዳኸው ነገር ካለ አምጣና እንሞክረው።»

ወጣቱ ፍላሹን ከኪሱ አወጣ። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙት መስሎት ነበር። ጠጋኙ ግን ሁሉን ነገር የሚያሰማው በሩ ላይ በቆመው፣ ፊቱን ወደ መንገዱ ባዞረው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነው።

«ማዳመጫ የለህም?»

«ተበላሽቷል። ደግሞ ምን ያሳፍርሃል? ዘፋኝ ልትሆን አይደል?»

ዘፈኑ ወጣ። አግዳሚው ላይ ያሉት ቀና አሉ። እናቱ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች፤ ሁልጊዜ ከመጋረጃ ወዲያ ሆና ነበር የምትሰማው። ድምፁ ያምራል። ከድምፁ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ፤ ተተተተ፣ ተተተተ፣ ተተተተ ይላል።

ጠጋኙ አቆመው። «ምንድነው ይሄ? ወፍጮ ቤት ገብተህ ነው እንዴ የቀዳኸው?»

ጎረምሶቹ በሳቅ ፈረሱ።

ወጣቱ ምን እንደሆነ ያውቃል። በእግር የሚረገጠው የእናቱ የስፌት መኪና ነው። እሱ ከመጋረጃው ወዲህ ሲዘፍን እሷ ከወዲያ የሰው ልብስ ታደርሳለች። እናቱ ፈገግ ብላ ወደ እሱ ስትዞር፣ «የኔ ነው!» ልትል አፏን ስትከፍት በዓይኑ ጠርዝ አያት። ቀደማት።

«የጎረቤት ነው» አለ። «ምን እንደሚያንኳኩ እንጃላቸው። እረፍት የሚባል ነገር አያውቁም።»

የመጨረሻዋን ማንም አልጠየቀውም ነበር፤ ከራሱ ጨመራት።

የእናቱ ፈገግታ መሄጃ እንዳጣ ሰው ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ።

«አዎ፣ የጎረቤት ነው» አለች ለጠጋኙ። «እንነግራቸዋለን። ሰዎቹ እንኳ ክፉ አይደሉም።»

በጥፊ ብትለው በወደደ።

«ምን መንገር ያስፈልጋል፣ እናቴ!» አለ ጠጋኙ እጆቹን እያፋተገ። «የዚህ ፕሮግራም ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው። ዘፈኑ ያልጀመረበትን ቦታ ትመርጥና ‹ይሄን ድምፅ አጥናው› ትለዋለህ። ሲያጠናው ከሙሉው ላይ አንድ በአንድ ይለቅምልሃል።»

እንዲያጠናው ደጋግሞ አጫወተው። የስፌት መኪናው ብቻውን ድምፅ ማጉያው ላይ ወጣ፤ ጨርቁ ሲዞር ቆም ይላል፣ እንደገና ይነሳል። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ዞር እያሉ አዩ። እናቱ የነጠላዋን ጫፍ በጣቶቿ ታፍተለትላለች።

«ያዝኩት!» አለ ጠጋኙ፤ ቁልፉን ተጫነ።

ዘፈኑ እንደገና ተነሳ። ከሥሩ ምንም የለም። የመጀመሪያው ስንኝ ደህና ሄደ። ከዚያ ድምፁ አንዱ ጋ ይቸኩል፣ ሌላው ጋ ይዘገይ ጀመር፤ በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው እየዳበሰ።

ጠጋኙ ግንባሩን ቋጠረ። «ቅድም እንዲህ አልነበረም እኮ። ምትህ የት ሄደ?»

«ቅድም ይሻል ነበር» አለ ያ ስም አውጪው። አልሳቀም።

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ያን ሁሉ ጊዜ በእሷ እግር ተደግፎ ሲዘፍን ኖሮ፣ ምቱ የራሱ ይመስለው ነበር።

ወለሉን ሲያይ የእናቱን እግር አየ። ተረከዙ ባለቀ ጫማ ውስጥ፣ ጣቶቿ ሲወርዱ ተረከዟ ይነሳል፣ ተረከዟ ሲወርድ ጣቶቿ ይነሳሉ። ፊቷ ወደ ድምፅ ማጉያው ነው፤ እግሯ ምን እንደሚሠራ አታውቅም። እሱ ሲቸኩል አትቸኩልም። ሲዘገይም አትቆምም። ባዶውን ሲሚንቶ ትረግጣለች።

«እና ይሄን ልጫንልህ?» አለ ጠጋኙ።

«የጎረቤት አይደለም» አለ ወጣቱ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ።

«አቤት?» ጠጋኙ ዘፈኑን ዘጋው።

የእናቱ እግር ቀጥ አለ።