ሁለተኛዋ ተማሪ

ማሽኖች የቢሮውን ሥራ ሁሉ ከወሰዱ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የተመዘገበ ሰው፣ ምንም ሥራ ቢሠራ፣ ገቢው በሕግ በግማሽ ይቀነሳል። እናቴ ጥሩወርቅ አዳማ ውስጥ የታወቀች የቧንቧ ሠራተኛ ናት፤ ከጎረቤታችን ከመሐንዲሱ እጥፍ ታገኛለች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ የከርሰ ምድር ውሃ ማጥናት እንደምፈልግ ነገርኳት።

"ዕድሜ ልክሽን በግማሽ ደመወዝ?" አለችኝ።

"አዎ፣ እማዬ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

በማግስቱ ለምዝገባ አብረን ዩኒቨርሲቲው ሄድን። መዝጋቢዋ አዘነችልኝ።

"የኔ ልጅ፣ ሁለት ተማሪ ካልተገኘ ትምህርቱ አይከፈትም። የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ያበቃል።"

እንባዬ መጣ። እናቴ ግን እጇን በቱታዋ ጠርጋ ብዕሩን አነሳች።

"እማዬ፣ ያንቺም እኮ በግማሽ ይቀነሳል!"

"ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ስቀጥል ውሃው ከየት እንደሚመጣ እኔስ መች አወቅሁ?" አለችና ፈረመች።

ከዚያ ወር ጀምሮ ከቤታችን ሥጋ ጠፋ፤ ሻያችንንም ያለ ስኳር ለመድን። በመጀመሪያው ቀን መምህሩ "ጥያቄ ያለው?" ሲሉ እናቴ ቀድማኝ እጇን አወጣች። መምህሩ ሲመልሱላት የእረፍቱ ደወል መደወሉን ሦስታችንም አልሰማንም።