የጥሩሐረግ ፎቶ

ጥሩሐረግ ሰቆጣ ከተማ ፎቶ ቤት ገብታ ለፓስፖርት ፎቶ እንደተቀመጠች፣ ዐረብ አገር ሊልካት የነበረው ደላላ ምላጭ ዘረጋላት።

«ማተብሽን በጥሺው። አሠሪዎችሽ ክርስቲያን አይፈልጉም፤ ስምሽንም ዘሃራ ብዬዋለሁ።»

እጇ ክርስትና ስትነሣ ወደታሰረላት ጥቁር ክር ሄደ። ዝናብ ቀርቶ ጎተራቸው ባዶ ነበር፤ የእናቷ ተስፋም ይኸው መንገድ ብቻ ነበር። ክሩን በጣቶቿ ይዛ ቆየች።

«ኧረ ፍጠኚ! ሃይማኖት በልብ ነው፤ ክር ምን ይሠራል?»

«ልቤማ ያምናል፣ ወንድሜ። አንገቴን ለምን ታስክደዋለህ?»

«እንግዲያ እዚሁ ድንጋይሽን ልቀሚ!» ብሎ በሩን አላትሞ ወጣ።

ጥሩሐረግ ማተቧን ከቀሚሷ በላይ አወጣችና ቀና ብላ ተቀመጠች። ፎቶ አንሺውን ሽማግሌ፣ «አባባ፣ ከመጣሁ አይቀር ያንሱኝ፤ ለእናቴ እወስድላታለሁ» አለቻቸው።