አፈር የሌለው ጓሮ

አሮጊቷን የበደላቸው የልጃቸው ባል ነው፤ ኤሌክትሪሻኑ። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍላቸውን “ለጊዜው ነው እማማ” ብሎ ወሰደና እሳቸውን ጓዳው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ወተፋቸው።

ከዚያ መስኮቱን በፎይል ሸፈነው። ከጣሪያው ላይ ሐምራዊ መብራት ሰቀለ። ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦዎችን በስቶ በየቀዳዳው የሰላጣ ችግኝ ተከለ። አፈር የለም፤ ፓምፕ ከበርሜል ውሃ እየሳበ ሥሩን ያጠጣል።

“ፀሐይን አሳውሮ አምፖል የሚያበራ ሰው አየሁ!” አሉ አሮጊቷ።

“አንድ ሆቴል ሊገዛኝ ተስማምቷል። ካልተሳካ ክፍልዎን እመልሳለሁ።”

“አፍህን ማር ያድርገው።”

ችግኞቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ጫፋቸው የተቃጠለ መስሎ ጠወለጉ። ኤሌክትሪሻኑ ፓምፑን ፈታ፣ መብራቱን ዝቅ አደረገ። የውሃውን ኮምጣጣነት ብቻ የምትለካ ወረቀት በርሜሉ ውስጥ ነክሮ ቀለሟን አየ። ደህና ነው። እንደገና ተከለ። እንደገና ጠወለገ።

“እጅ ገብቶበታል” አለ።

ሳሎን ሶፋው ላይ የሚያድረው ታናሽ ወንድሙ ቀጮ፣ “ይሄ ፓምፕ እንቅልፍ ነሳኝ፤ አንድ ቀን ነቅዬ ነው የምጥለው” ሲል ሁሉም ሰምቷል።

“እኔ የሰው ስም አላነሳም” አሉ አሮጊቷ። “ግን ቀጮ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጎራደድ ነው የሚያድረው።”

ምሳ ላይ ልጃቸው ሾርባውን ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። “ጨው ደግሞ አለቀ? ከትናንት ወዲያ አይደል እንዴ የገዛሁት?”

“ቀጮን ጠይቂው! እሱ እንቁላል በጨው አይበላም፤ ጨው በእንቁላል ነው የሚበላው።”

ቀጮ ሳቀ። “እማማ ደግሞ! እስቲ እሱ እንኳ ቢያወፍረኝ።”

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የሳቀ የለም። ሦስተኛው ተከላም ሞተ።

“አንተ ነህ!” አለ ኤሌክትሪሻኑ፣ ወንድሙን አንገቱን ይዞ።

“ሰላጣህ ምን አደረገኝ? ያንድ እናት ልጆች አይደለንም?”

“ውጣልኝ!”

ቀጮ ሻንጣውን አንጠለጠለ። በር ላይ ደርሶ ወደ አሮጊቷ ዞረ። “እማማ፣ እርስዎ ከሁላችን ቀድመው ነው የሚነሱት። አንድ ቀን እንኳ እዚያ ክፍል ስገባ አይተውኛል?”

“እኔ አሮጊት ምን አይቼ፣ ልጄ” አሉ።

ሆቴሉ ሌላ ሰው ያዘ። ኤሌክትሪሻኑ ቱቦዎቹን ነቃቅሎ ደጅ ከመራቸው፤ ፎይሉንም ከመስኮቱ ላይ ገሸለጠ። የአሮጊቷን አልጋ ወደ ቀድሞ ቦታው እየመለሰ ትራሱን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ፣ “ተወው” አሉት፣ “ትራሴን እኔው እይዛለሁ።”

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ፊታቸው ላይ ስታርፍ ተነሡ፤ ግማሽ የቀረውን ጨው ከትራሳቸው ውስጥ አውጥተው ጓዳው መደርደሪያ ላይ መለሱት።