የመሐል ምሰሶ

«እኔን የሚያስደነግጥ መሬት ገና አልተፈጠረም» ብላ ነበር ልጅቷ፣ ርዕደ መሬት ያፈረሰውን የእማማ የሺመቤትን ቤት መልሰው ሊሠሩ ከሰንበት ተማሪዎቹ ጋር ስትመጣ።

ግድግዳውን እየመረጉ ሳለ መሬቱ ከሥር አጉረመረመና ተናጠ። ጓደኞቿ ጭቃውን ጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ። እሷ ግን ሥሩ ገና በወጉ ያልተጠቀጠቀውን የመሐል ምሰሶ ጥምጥም ብላ አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች። ጣሪያው ተንቋቋ፤ እርጥቡ ምርጊት እየተላቀቀ አናቷ ላይ ወደቀ። «ገብርኤል ሆይ፣ የዛሬን ብቻ አውጣኝ፤ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም» አለች። መናወጡ ግን ይባስ ጨመረ።

እማማ የሺመቤት ደጃፉ ላይ ቆመው ሲያዩዋት ቆዩና፣

«ልጄ፣ መሬቱማ ከረጋ ቆየ። አሁን ቤቴን የምታፈርሺው አንቺ ነሽ፤ ምሰሶዬን ልቀቂ» አሏት።