ምላሱና ሦስቱ ጠርሙሶች

«እጅህን ሰብስብ! ወረቀቱ አይነካም!» አለ መምህሩ።

ሽማግሌው ወደ ጠርሙሱ የዘረጋውን እጁን መለሰ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጠርሙሶች እስከ አንገታቸው በጋዜጣ ተጠቅልለው ቆመዋል። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

«እሱ እንደሆነ ጽሑፉን አያነብ፣ ምን ብለህ ጠቀለልከው?» ሲል መምህሩ አባወራውን ጠየቀ።

«የጠርሙሱን ሥዕል ያውቀዋላ!» አለ አባወራው። ፋርማሲስት ነው፤ ጠርሙስ ሲይዝ እንኳ መድኃኒት የሚመዝን ይመስላል። «ጋሼ፣ ዛሬ ሥዕል አይተው ሳይሆን ቀምሰው ይምረጡልን። ለጨዋታ ያህል ነው።»

ሽማግሌው ፈገግ አለ።

አርባ ዓመት በወይን ጠጅ ፋብሪካ ምድር ቤት ከበርሜል በርሜል ሲቀምስ የኖረ ሰው ነው። ወዳጆቹ «ምላሱ» ይሉታል። ከአፉ ቃል የማይወጣ ሰው በዚህ ስም መጠራቱ የማያልቅ ሳቃቸው ነበር። ፊደል ያልቆጠረውን ሰው ከፋርማሲስትና ከመምህር እኩል ለገበታ ያበቃው ግን ይኸው ምላሱ ነው። በየወሩ አንድ እሑድ ከሰዓት የፋርማሲስቱ ሚስት የሚያቃጥል ነገር ትሠራለች፤ እሱ ደግሞ የሚስማማውን ወይን ይመርጣል።

አሁን ያ ምላስ ሞቷል። ክፉው ጉንፋን ሰፈሩን ባዳረሰ ጊዜ እሱንም አስተኝቶት ነበር፤ ሲነሳ የሽንኩርትና የፖም ልዩነት ጠፋበት። ማቃጠሉ ብቻ ቀረለት። ሦስት ወር ሙሉ ትንፍሽ አላለም። ቢናገርማ ከዚያ ወንበር ላይ ምን ብሎ ይቀመጣል?

ሚስቲቱ የበጉን ሥጋ ይዛ መጣች፤ ሩዙ ገና እሳት ላይ ነው። በርበሬውም ቃሪያውም የተጣለበት በእጅ ሳይሆን በአካፋ ይመስላል። ያለፈው ወር አቃጥሎት ነበር፤ ይሄ ከዚያም ባሰ።

«ይቅመሱልኝ ጋሼ። ጨው በቅቶታል?»

ጎረሰ። ጉሮሮው ነደደ። ሌላ ምንም የለም። ቀና ሲል ሦስቱም ማንኪያቸውን እንደያዙ ፊቱን ያያሉ። ከእሱ በቀር ማንም አልጎረሰም።

‹አውቀውብኛል› አለ በሆዱ።

«በቅቶታል» አለ በአፉ።

ያን ጊዜ ሦስቱም ጎረሱ። «እጅሽን ይባርከው!» አለ ፋርማሲስቱ፣ እንባው ዱብ ዱብ እያለ።

ወይኑ ተቀዳ። የመጀመሪያው እንደ ቀይ ሥር የጠቆረ ነው፤ እሱ አላስቸገረውም።

«በእሳት ላይ ቤንዚን» ብሎ ገፋው።

የቀሩት ሁለቱ ግን ነጫጭ ናቸው፤ መልካቸው የአንድ እናት ልጆች። አንደኛው ጣፋጭ መሆን አለበት፤ ቃሪያን የሚያበርደው እሱ ነው። ግን የትኛው? አሸተተ። ውሃ። ተጎነጨ። ውሃ። ሌላውንም ተጎነጨ። ያው ውሃ።

መምህሩ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ሚስቲቱ የመሐረቧን ጫፍ ታሻለች።

ሽማግሌው ሁለቱን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ አሽከርክሮ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ። የአንደኛው ወይን ከብርጭቆው ጎን ላይ ቶሎ ወረደ። የሌላው ግን እግሩን እየጎተተ ወረደ። የሚዘገየው ስኳር ያለበት ነው፤ ይህን ለማወቅ ዓይን ይበቃል።

«ይሄ» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለ መምህሩ።

«ይሄ አልኩህ።»

ሦስቱ ተያዩ። ከዚያ ቀድተው ጠጡ።

«ማር ነው!» አለ መምህሩ።

«ማር ብቻ?» አለ ፋርማሲስቱ። ብርጭቆውን የሞላው ግን ካልተመረጠው ጠርሙስ ነበር።

ሽማግሌው አየ። ይሄ የለየለት ማላገጥ ነው።

«ወረቀቱን ግለጡት እንጂ።»

«ምን ያደርጋል ጋሼ? እርስዎ ካሉ አለቀ!» አለ ፋርማሲስቱ።

ሽማግሌው ላቡን ጠረገ። በዚህ መሐል በሦስቱ ጀርባ፣ በወጥ ቤቱ በር ሥር፣ ጭስ ሲሳብ ታየው። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ቆይቶ ወፈረ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ይበላሉ፣ ይስቃሉ፣ መሐል መሐል ላይ እሱን ሰረቅ አድርገው ያያሉ። ይህን ያህል ጭስ ጎረቤት እንኳ ይሸተዋል፤ እነዚህ ዝም ያሉት እሱ ይሸተው እንደሆነ ሊያዩ ነው። ለአንድ ሽማግሌ ሲባል ድስት ያቃጥላሉ!

አፍንጫውን ቀስሮ ሁለት ጊዜ ሳበ።

«ሩዙ አረረ» አለ።

ሚስቲቱ ዘላ ተነሳች። ፋርማሲስቱ ተከትሏት ሮጠ፤ ድስቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቸስ አለ።

«አይ አፍንጫ!» አለ መምህሩ። ግን አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ሽማግሌው ከዚህ በላይ አልቻለም። ተነስቶ ኮቱን ደረበ።

«ምነው፣ ወዴት?» አለ መምህሩ።

«ደከመኝ።»

ዳግመኛ ላይመጣ ቆርጧል። በሰው እግር ተገፍቶ ከመውጣት በራስ እግር መውጣት ይሻላል።

ደረጃውን መውረድ ሲጀምር ሚስቲቱ እጇ እንደ ረጠበ ደረሰችበት። በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ክንዱን ያዘች።

«ጋሼ፣ ገብቶዎት ነው የሚሄዱት፣ አውቄያለሁ» አለች። «የደበቅንዎት እኮ ካወቁ መምጣቱን ይተዉታል ብለን ፈርተን ነው። ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ሦስታችንም ሽታ አይሸተን፣ ጣዕም አይሰማን፤ ጠርሙሱን የጠቀለልነውም ሥዕል ሳይሆን ምላስዎ እንዲመራን ነው፤ የምንበላው የእርስዎን ፊት እያየን ነው።»