ሸጊቱና የባየህ ስልክ

ክረምት ገብቶ የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ከብት ወደ ከፍታው ይሰደዳል። የባየህ ላም ሸጊቱም ገና በሰኔ ወንዛዬ ማዶ ወዳለው ዘመዱ፣ ወደ በላይነህ ሄደች።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ባየህ አመሻሽ ላይ ጠጉሩን ያበጥርና ስልኩን ይዞ ከገለባው ክምር ጀርባ ይሰወራል። ሚስቱ ጸሐይነሽ አንድ ቀን ተከትላ አደመጠችው።

«የኔ ሸጋ፣ በላሽ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? አይዞሽ፣ ውሃው ይጉደል እንጂ እመጣለሁ።»

ደሟ ፈላ። ይህን ሁሉ ዘመን አብራው ስትኖር፣ በላሽ ወይ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

«ማናት? ወይ ንገረኝ፣ ወይ ጓዜን ጠቅልዬ እናቴ ቤት እገባለሁ።»

«ሸጊቱ ናት» አለ ባየህ ረጋ ብሎ። «ድምፄን ካልሰማች አልታለብም ብላለች። በላይነህ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይይዝልኛል።»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ አሰማት። እውነትም ከወዲያ አንዲት ላም እምቧ አለች።

ጸሐይነሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ለነገሩ ሸጊቱ እቤት ሳለችም ባየህ ካላሞገሳት ጠብ አይላትም ነበር። በላም መቅናት! ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል?

ከዚያ በኋላ ባሏን መካስ ያዘች። ስልኩን ቻርጅ የምታስደርገው እሷ፣ ካርድ የምትሞላለት እሷ። ማታ ሲወጣም «ሸጊቱን ሰላም በልልኝ» ትለዋለች። ነሐሴ ላይ፣ ከገበያ ነው ብሎ የለፋ ቁርበት ሲያመጣላትማ አንጀቷን በላው። አልጋው ላይ አንጥፋ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። ከወንዛዬ ይመጣል የተባለው ቅቤ ግን እስካሁን አልደረሰም። መንገዱ ጭቃ ነው ይላል ባየህ።

መስከረም ላይ ወረታ ገበያ ወጥታ በላይነህን ባጃጅ መቆሚያው ጋ አገኘችው። የገዛችውን ጨው አውጥታ አስያዘችው።

«ለሸጊቱ አልስልኝ። ስልክ ካላስያዝከኝ እያለች አስቸገረችህ አይደል፣ ወንድሜ? ትናንትም ባየህ ሲያባብላት ነው ያመሸ።»

በላይነህ ጨዉን አየ፣ እሷን አየ።

«የምን ስልክ፣ እታለም? ሸጊቱ እኮ በሐምሌ ሞተች፤ ቁርበቷን ባየህ ራሱ መጥቶ ወስዶት የለም እንዴ?»