መጋዞቹ ወደ አፎታቸው

ስለሺ ከትልቁ የሞተር መጋዝ ጀመረ። ቤንዚኑን ወደ ጀሪካን ገለበጠ፣ ካንዴላውን ነቀለ፣ ሰንሰለቱን ፈትቶ አወጣ፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ባር አፎቱ ውስጥ ከተተ። በሌላ ቀን ይህ ሥራ ያዝናናው ነበር። ዛሬ ግን ቤንዚኑን መዳፉ ላይ፣ ድሮ መስታወት ቆርጦት በተረፈው ጠባሳ ላይ አፈሰሰው።

በስደት ከተማቸው ዳር፣ ኢቶቢኮ ያለው ይህ ወርክሾፕ የእሱና የገብረክርስቶስ ነው። ሁለቱም ዛፍ ቆራጮች ናቸው። ገብረክርስቶስ ቤት ገዝቶ ኤግሊንተን ዌስት አጠገብ ይኖራል፤ ስለሺ ገና ፓርክዴል፣ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ገብረክርስቶስ ዛፍ ቢወድቅበት ለዛፉ የሚታዘን ዓይነት ግዙፍ ሰው ነው። ስለሺን ያስፈራውም ይኸው ግዝፈቱ ነበር።

ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ አቶ ተክለ ማርያም ወደ ጥግ ወስደውት ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ተሰደው የመጡ፣ በዚህ ከተማ ያላረዱት ቤት የለም የሚባልላቸው ሽማግሌ።

«የገብረክርስቶስ እናት አርፈዋል» አሉት። «ማንም እንዳይነግረው። ነገ ጠዋት እዚያው ወርክሾፓችሁ እናረዳዋለን።»

ስለሺ ክው አለ። «መጋዝ መሐል?»

«አፓርትመንት ውስጥ ልቅሶ ከተነሳ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። እዚያ ማንም አይሰማም። ብቻ አንተ ዛሬውኑ ሂድና ስለት ያለውን ሁሉ ሰብስበህ ቆልፍበት። ሰው መርዶ ሲሰማ እጁ ምን እንደሚያነሳ አይታወቅም፤ አንተው ታውቀዋለህ፣ መዳፍህ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን መጣ? ቁልፉን ለየኔነሽ ስጣት። አንተም ትደነግጣለህ፣ ኪስህ ውስጥ አይደር።»

የኔነሽ የስለሺ ሚስት ናት። ቁልፉ ለእሷ ቢሰጥ ይሻላል ሲሉት ነገሩ ልክ መስሎ ታየው።

ስለሺ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በፍርሃት ተይዟል። ገብረክርስቶስ እናቱን ሳያነሳ ምሳ የማይበላ ሰው ነው። ይህን ሰው ማን ይይዘዋል? የራሱ የስለሺ እናት ደብረ ብርሃን ናቸው። በልቡ «እንኳን የእኔ አልሆነች» አለና ወዲያው በራሱ አፈረ።

ሰንሰለቶቹን በየልካቸው በሣጥን አድርጎ ወደ ብረት ቁምሳጥኑ አስገባ። ባሮቹን ከግድግዳ አውርዶ ደረደረ። ወደ ሞረዶቹ ሲዞር በሩ ተከፈተና ገብረክርስቶስ ገባ። የስለሺን ስልክ የኔነሽ «ስክሪኑን ላስቀይርልህ» ብላ ወስዳዋለች፤ ስለዚህ መምጣቱን አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። 

ገብረክርስቶስ ከሰፈሩ የገዛውን የጃማይካ ዶሮና ሩዝ ይዟል። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«አለርጂ ነው» አለ ሳይጠየቅ።

«እኔ ደግሞ» አለ ስለሺ ግድግዳውን እያየ፣ «ነገ የኢንሹራንስ ኢንስፔክሽን አለ ተብሎ ዕቃ እየሰበሰብኩ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ገብረክርስቶስ ኢንሹራንሱንም፣ ከተማውንም፣ አየሩንም ረግሞ ነበር የሚያበቃው። አሁን ግን ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቀለለ፤ መጥረቢያዎቹን ከግድግዳ አውርዶ ቁምሳጥኑ ውስጥ አኖረ። ከዚያ ስለሺ ዛፍ ሲወጣ ወገቡ ላይ ወደሚያንጠለጥላት ትንሽ መጋዝ ጠቆመ።

«ያቺንም አስገባት።»

ስለሺ አስገባት። ምስኪን፣ አለ በልቡ፣ የሚቆለፈው ለራሱ ሲባል መሆኑን አያውቅም።

«በል ብላ» አለው ገብረክርስቶስ።

«አንተ ብላ እንጂ! ከስተሃል።» ነገ በባዶ ሆዱ እንዳይሰማ ብሎ ነው።

«እኔ በልቻለሁ። አንተ ብላ፣ በሞቴ።»

ስለሺ እሱን ለማስበላት ሲል ራሱ ጀመረ፤ ሳያስበው ጨረሰው። ገብረክርስቶስ አንድ ክንፍ እንኳ አልነካም። ሲሰናበቱ አቅፎት ቆየ፤ ከወትሮው አብልጦ ቆየ። ስለሺ እንባው ሊያመልጠው ሲል ጥርሱን ነከሰ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወርክሾፑ ደጅ መኪኖች መብራታቸውን አጥፍተው ቆመዋል። የኔነሽ ጥቁር ለብሳለች። ስለሺ ቁልፉን ሲሰጣት ጣቶቹን ጨመቀቻቸው፤ እጇ በረዶ ሆኗል። ለገብረክርስቶስ እንዲህ ታዝን ኖሯል!

እንደገና ዙሪያውን አየ። ግድግዳው ላይ ባዶ መንጠቆዎች ብቻ ቀርተዋል። ጠረጴዛው ላይ ሄልሜትና ጓንት እንጂ ሌላ የለም። ጀሪካኑ ሳይቀር ተቆልፎበታል። ምንም አልረሳም።

ገብረክርስቶስ የወረደው ከአቶ ተክለ ማርያም መኪና ነው። ምን ብለው አታለው አመጡት ብሎ ስለሺ በሽማግሌው ብልሃት ተደነቀ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ግድግዳውን ተደገፉ። አንድ ሰው ወንበር አቀረበ፤ ሌላው የውሃ ጠርሙስ ከፈተ። በሩ ተዘጋ።

ስለሺ አሁን ይጮኻል፣ አሁን ግድግዳውን ያፈርሳል እያለ ወደ ገብረክርስቶስ ተጠጋና አጠገቡ ቆመ። ሲወድቅ መያዝ የእሱ ድርሻ ነው። አቶ ተክለ ማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ዓይናቸውን ስለሺ ላይ አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ስለሺ የገብረክርስቶስን ክንድ ለመያዝ ሲዞር፣ ገብረክርስቶስ ቀድሞ የስለሺን ሁለት እጆች ግጥም አድርጎ ያዘና «አይዞህ፣ ወንድሜ» አለው።